ያልታጠበው ቁጥር

ያን ቀን ሰማዩ የተቀደደ ይመስል ነበር። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ አላባራም። ረፋድ ላይ ታናሽ እህቴ ኮምፒውተሯን በፌስታል ጠቅልላ፣ እሷ ግን ከራስ እስከ እግሯ በስብሳ በሬን ደበደበች።

«የቢሮው ጣሪያ አፈሰሰ፤ ዋናውን ኮምፒውተር ነቀሉት። እዚህ ልሥራ፣ እትዬ።»

«ግቢ። ጫማሽን ግን አውልቂ፤ ወለሉን ገና አሁን ነው የወለወልኩት።»

እኔ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቼ የሆቴል አንሶላ ሳጥብ፣ እሷ ተምራ ተምራ ከሳተላይት የሚመጣ ቁጥር የምታነብ ሆነች። የሰፈር ሰው «ምን ትሠራለች?» ሲለኝ «ሰማይ ትጠብቃለች» ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ መድከም አልፈልግም። እሷ ግን ደጋግማ አስረድታኛለች። ምድር እንደ ትልቅ ማግኔት ናት፤ ኤሌክትሮን የሚባሉ፣ ከአቧራ እጅግ ያነሱ ነገሮችን ከአየሩ በላይ ይዛ ዙሪያዋን እንደ ቀለበት ታዞራቸዋለች። በቀለበቱ ጠርዝ ያሉት አንዳንዴ ያመልጡና ወደ አየሩ ይወድቃሉ። የእህቴ መሣሪያ ሳተላይቱ ላይ ተጭኖ የሄደው እነዚያን የሚወድቁትን ሊቆጥር ነው።

ሊቆጥር ነበር እንጂ አልቆጠረም። ወራት አለፉ፣ ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ንቅንቅ አላለም። አለቃዋም ያን ጠዋት ቆርጦ ነገራት፦ «በነገው ስብሰባ ምንም ካላሳየሽኝ መሣሪያውን አጠፋዋለሁ። ኃይሉን እዚያው ሳተላይቱ ላይ ያለው ካሜራ ይጠቀምበት።» ወጣትነቷን የጨረሰችው መሣሪያውን ስትሠራ ነው። እናታችን «ባል አግቢ» ስትላት እንኳ «መጀመሪያ እሱ ይቁጠር» ነበር መልሷ።

ጠረጴዛዬን ሞልታ ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ መነጫነጭ ጀመረች።

«ደግሞ ምን ሆንሽ?»

«ዋናው ኮምፒውተር ስለተነቀለ ቁጥሩ ሳይታጠብ መጣብኝ።»

«ቁጥርም ይታጠባል እንዴ?»

«እዚያ ላይ የጫንኩት የኔ ፕሮግራም ነው የሚያጥበው። መጀመሪያ ሰሞን መሣሪያው ፀሐይ ሲያገኘው ቁጥሩ ድንገት እየዘለለ አስቸገረን። የዘለለውን ሁሉ የሚጥል ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ቢሮው በሙሉ አጨበጨበልኝ። ከዚያ ወዲህ ያልታጠበውን ማየት እኛ ዘንድ ነውር ነው።»

«እንግዲህ የሱን እጥበት በኔ ላይ እንዳትጥይው፤ አንሶላው ይበቃኛል።»

አልሳቀችም። ስክሪኑ ላይ ተተክላ ቀረች፤ ያቀረብኩላት ሻይ ቀዘቀዘ።

«እትዬ፣ ነይማ እዪ። እዚህ ይዘላል፣ እዚህም ይዘላል። የፀሐዩ ጣጣ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ ባገኘው ቁጥር ይመጣ ነበር። ይሄ የሚዘለው ግን ሳተላይቱ የቀለበቱን ጠርዝ ሲያቋርጥ ብቻ ነው፤ ጨለማ ውስጥ ሆኖም ይዘላል!»

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

«እየወደቁ ነው! በዓይን ጥቅሻ፣ ግር ብለው ይወድቁና ያበቃል!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ የት ከርመው ነው?»

ሁለት እጇን አናቷ ላይ ጫነች። «እኔው ነኛ ስጥላቸው የከረምኩት።»

የምታለቅስ መስሎኝ ፎጣ ላቀብላት ተነሳሁ። እሷ ግን ሳቋ መጣ፤ ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብብን ድረስ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌላ ምን ይደረጋል?

ማታውን ግን ሳቁ በረደና ጭንቀቱ መጣ። «ነገ ሰው ሁሉ ፊት ያበላሸሁት እኔ ነኝ ልል ነው እኮ» አለችኝ። «ከምትይውና መሣሪያው ከሚጠፋ የቱ ይሻልሻል?» አልኳት። ኮምፒውተሯን መልሳ በፌስታል ጠቅልላ ሄደች።

በማግስቱ የሆነውን ራሷ ነገረችኝ። አለቃዋ የቁጥሩን መስመር ገና እንዳየ «ሳታጥቢ ነው እንዴ ያመጣሽው?» አላት።

«አዎ ጋሼ። የሚወድቁትን እንደ ስህተት ቆጥሮ የሚጥለው የኔ ፕሮግራም ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ከኋላ አንዱ «ጭብጨባችንን መልሺልን!» ሲል ሁሉም በሳቅ ፈነዳ። አለቃዋ ብቻ አልሳቀም፤ ዝላዮቹን በጣቱ አንድ በአንድ ሲከተል ቆየ። በመጨረሻ ቀና ብሎ «ካሜራው ይጠብቅ» አለ።

እህቴ ዛሬም እዚያው ቢሮ ትሠራለች። መሣሪያው አልጠፋም፤ የሚወድቁትን ይቆጥራል።