ንቅሳት የሌላት ምንዳዬ

እትዬ ምንዳዬ ቆላ ድባ ገበያ ሽምብራ ይሸጣሉ። ጎረቤቴ ናቸው፤ የአንድ ጉርድ ፎቶ ነገር፣ እናንተዬ፣ ያጫወቱኝ ራሳቸው ናቸው።

ካምፓላ የምትኖረው ልጃቸው ሰርካለም የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ ነበር፤ «እናቴ አጠገቤ ከሌለች አልችለውም» ትላለች። ባሏ ኪዳነወልድ ደግሞ በስልክ፣ «ከአገር ሲወጡ ጉርድ ፎቶ ከቦርሳዎ አይጥፋ፤ እዚህ በየበሩ ይጠይቃሉ» አላቸው። ስለዚህ በመሄጃቸው ዋዜማ ጎንደር ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት ገቡ።

ፎቶ አንሺው ጌታው አነሳቸውና ኮምፒውተሩ ላይ ሲነካካ ቆይቶ ስምንት ፎቶ ዘረጋላቸው። ፎቶው ላይ ያለችው ሴት የተላጠ እንቁላል ትመስላለች። የፊቷ መጨማደድ የለ፣ የግንባሯ መስቀል የለ፣ አንገቷ ላይ እንደ ድሪ የተደረደረው ንቅሳት የለ።

«ይቺ የማን ሬሳ ናት?»

«እርስዎ ነዎት እንጂ፣ እማማ።»

«ንቅሳቴስ?»

«አጸዳሁልዎት።»

«ምነው፣ እድፍ መሰለህ? እናቴ በእሾህ እየወጋች ያሳመረችኝን?»

«ሁሉም አጥፋልኝ ነው የሚለኝ። ወጣት ሆኑ፤ ምን ከፋዎት?»

«ወጣትነቴንማ አውቀዋለሁ። ይህን አይመስልም ነበር።»

እንደገና እንዲያነሳቸው ሲያዙት መብራት ጠፋ። እስኪመሽ ቢጠብቁም አልመጣ። ያን ጊዜ ፎቶው ላይ ምራቃቸውን ጢቅ አደረጉበት። ሌላ ግን የላቸውም። ጠርገው፣ እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣት አንጠልጥለው ቦርሳቸው ውስጥ ጣሉት።

ካምፓላ በገቡ በሳምንቱ ሰርካለምን ምጥ ያዛት። ሆስፒታሉ በር ላይ ለአስታማሚ ካርድ ጉርድ ፎቶ ተጠየቁ። ዘበኛው ፎቶውን ከፓስፖርቱ ጋር አስተያየና ራሱን ነቀነቀ።

«ምን ይላል?» አሉ።

ኪዳነወልድ አፈረ። «ፓስፖርቱ ላይ ያሉት ባለንቅሳት ናቸው፤ ይቺ ሌላ ሴት ናት ይላል።»

«ሸጋ ዐይን አለው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው።»

«ሰርካለም ውስጥ ብቻዋን ናት፣ እትዬ። ሌላ ፎቶ እስክንነሳ ትወልዳለች።»

እትዬ ምንዳዬ ከቦርሳቸው የኩል ብልቃጣቸውን አወጡና በመኳያው ጫፍ ፎቶው ላይ ባለችው ሴት ግንባር መስቀሉን፣ አንገቷ ላይ መስመሮቹን አንድ በአንድ መለሱ። ዘበኛው ፎቶውን አየ፣ አንገታቸውን አየ፣ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ማኅተሙን መታበት።

ሕፃኗ የተወለደችው አያቷ የእናቷን ወገብ ደግፈው ሳሉ ነው።

አገር ሲገቡ ታዲያ መጀመሪያ የሄዱት ወደ ቤታቸው አይደለም፤ ወደ ፎቶ ቤቱ ነው። የተረፉትን ፎቶዎች በጌታው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉለት።

«በል፣ የእነዚህን ፎቶዎች ባለቤት ፈልገህ ስጣት።»