በበሩ ልክ ያደገ ቤት

ሚሊሜትር የሚሏትን ሴት አንድ ቀን ስንት ያስወጣታል? ገና ሳይነጋ የልጇን እንቅልፍ ያስወጣታል፤ ሦስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ ከነብርድ ልብሷ አቅፋ እናቷ ቤት ካደረሰች በኋላ ነው ወደ ሥራ የምትሮጠው። ከዚያ ሁለት አውቶቡስ፣ ሁለቱንም በቁሟ። ከዚያ ስምንት ሰዓት ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ። ማታ ዓይኗ ደም ይመስላል። የወገቧን ሕመምማ መቁጠር ከተወች ቆይታለች።

ሥራዋ የቤት ፕላን መንደፍ ነው። ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሌላው በሜትር ሲያወራ እሷ በሚሊሜትር ስለምትጨቃጨቅ፣ ሚሊሜትር ብለው አወጡላት።

"አንቺ፣ ባልሽንም ለክተሽ ነው ያገባሽው አሉ" ይላታል አጠገቧ የሚቀመጠው ቀያሽ።

"ለክቼ ቢሆንማ መች አገባው ነበር!"

ቢሮው በሳቅ ይፈርሳል።

ከሥራዋ ሁሉ የሚያስጨንቃት አሮጌ ፕላን ነው። ባለቤቶች ከሣጥን ሥር ያወጡትን፣ ስንት ጊዜ ፎቶኮፒ እንደተደረገ የማይታወቅ ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ወረቀቱ ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ያው ሥዕል ነው፤ ቤቱ ስንት ሜትር እንደሆነ ማሽኑ በምን ያውቃል? ጥግ ላይ "አንድ ለሃምሳ"፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ አንድ ሴንቲሜትር የቤቱ ሃምሳ ነው፣ ተብሎ ቢጻፍም፣ ፎቶኮፒው ካሳነሰው ጽሑፉ ውሸት ሆኗል። ስለዚህ እውነተኛ ልኩ የታወቀ አንድ መስመር ይፈለጋል። የመስመሩን ሁለት ጫፍ ነክታ ትክክለኛውን ቁጥር ስትጽፍ ሥዕሉ በሙሉ በዚያው ልክ ያድጋል ወይም ያንሳል። ቁጥሩ ግምት ከሆነ ግን፣ ግምቱ ቤቱን ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

ከስድስት ዓመት ልፋት በኋላ የቢሮው አለቃ የሆነው ኢንጂነር አንድ ነገር ፈቀደላት፤ በፕላኑ የታችኛው ጥግ፣ "ነዳፊ" ከሚለው ቃል ፊት ለፊት፣ የራሷ ስም እንዲጻፍ። እስከዚያ ድረስ የሚጻፈው የእሱ ነበር። የመጀመሪያውን ወረቀት አትማ ለእናቷ ወሰደችላት። እናቷ ማንበብ አትችልም። "የትኛው ነው ያንቺ?" ብላ በጣቷ ዳሰሰችው። ሚሊሜትር ያን ስም እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው።

ስሟ የገባበት አራተኛው ሥራ የአንድ ጡረተኛ መምህር ቤት ነበር። ባሏ የሞተባት ልጃቸው ከነልጆቿ ልትጠቃለልላቸው ስለሆነ፣ ቤታቸው ላይ ፎቅ መጨመር ፈለጉ። ያመጡት ፕላን ላይ ቁጥሮቹ ጠፍተዋል።

"ኢንጂነር፣ ሄጄ አንድ ግድግዳ ልለካ" አለች። "ግማሽ ቀን አይፈጅም።"

"የምን መለካት! በሩን ዘጠና ሴንቲሜትር ያዢና አሳድጊው። ሁሌ የምናደርገው አይደል እንዴ? ወደ ፎቁ የሚያወጣው የብረት ደረጃ ንድፍ ነገ ጠዋት ብየዳ ቤት መድረስ አለበት።"

"የድሮ ቤት እኮ ነው፤ በሩ ሰማንያም ሊሆን ይችላል።"

"ጀመራት ደግሞ!" አለ ቀያሹ። "እመቤት ሚሊሜትር፣ ማሪን!"

ሳቁባት። የመምህሩ ስልክ ቁጥር ወረቀቱ ጀርባ ላይ ተጽፏል። "ጋሼ፣ እስቲ ሳሎኑን በሜትር ይለኩልኝ" ብትል ያበቃ ነበር። ስልኩን አነሳች። ቀና ስትል ቀያሹ ሳቁን ለማፈን አፉን በእጁ ይዞ ያያታል። መልሳ አስቀመጠችው። የበሩን ሁለት ጫፍ ነካች፤ ዘጠና ብላ ጻፈች፤ ቤቱ አደገ።

ከአንድ ወር በኋላ የግንባታው ፎርማን ከመምህሩ ቤት ደወለ።

"እህቴ፣ ደረጃው መጥቷል፤ ቤቱ ግን አልመጣም።"

"ምን ማለትህ ነው?"

"ሳሎኑ አራት ሜትር ነው። አንቺ አራት ተኩል ብለሽ ያሠራሽው የብረት ደረጃ፣ ግማሽ ሜትሩ በመስኮት ወጥቶ መንገደኛውን ሰላም ይላል።"

"በሩን... እባክህ በሩን ለካልኝ።"

"ለክቼዋለሁ። ሰማንያ።"



ኢንጂነሩ የጠራት በማግስቱ ነው። ስህተቱ የነዳፊዋ ብቻ እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት አስጽፎ ጠበቃት።

"ፈርሚ። ከፈረምሽ ወንበርሽ ያንቺ ነው። ካልፈረምሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።"

"ዘጠና ያዢ ያሉኝ እርስዎ ነዎት እኮ!"

"ጥጉ ላይ የተጻፈው ስም የማን ነው?"

በመስታወቱ በኩል ቀያሹን አየችው። አቀርቅሮ እርሳስ ይቀርጻል። ልጇን አሰበችና ጥርሷን ነክሳ ፈረመች።

መምህሩ ቢሮ ድረስ መጡ። ይጮሁብኛል ብላ ጠብቃ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ባሏ የሞተባት ልጄ ከነልጆቿ መጥታለች፤ ፎቁ ስለቆመ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል ውስጥ ነን" አሏት። "ብትደውይልኝ እኮ እለካልሽ ነበር።"

እስከ ዛሬ አንጀቷን የሚያቃጥላት ይህ ነው። ኢንጂነሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ትታዋለች። ስልኩን ያስቀመጠችው ግን እሷ ናት፤ አትክድም። ዛሬም እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ትነድፋለች፤ ጥጉ ላይ የሚጻፈው ስም ተመልሶ የኢንጂነሩ ሆኗል። ቢስቁም ባይስቁም አሁን ትደውላለች።

ይህን ለምታነቡ ሁሉ አንድ ልመና አላት። አሮጌ ፕላን ይዛችሁ ነዳፊ ዘንድ ከመሄዳችሁ በፊት፣ የቤታችሁን ረጅሙን ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በሜትር ለኩት። ቁጥሩን እዚያው ወረቀቱ ላይ፣ በእስክሪብቶ፣ በእጃችሁ ጻፉላት። ነዳፊዋ ደውላ "እስቲ እንደገና ይለኩልኝ" ካለቻችሁም፣ እባካችሁ አትሳቁባት።