ጥሩምባው ዝም ያለ ዕለት

ይህ የሆነው በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ በጃንሆይ ጊዜ ነው። ያኔ ሶዶ ውስጥ ኦቲዝም የሚለውን ቃል የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ዛሬ ስለዚህ ነገር በሬዲዮ ሲወራ በሰማሁ ቁጥር አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች።

ሶዶ አስተማሪ ነበርኩ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ጥቂቶቻችን ተሰባስበን፣ የማይናገሩና ከሰው የማይገጥሙ ልጆችን ቅዳሜ ቅዳሜ እየተጋገዝን እንጠብቅ ነበር። ደመወዝ የለው፣ ስም የለው፣ እንዲሁ በፈቃዳችን ነው። እናቶቻቸው ሰው እንዳያይባቸው ጓዳ ይደብቋቸዋል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ "ልጅ እንጂ የተሰረቀ ዕቃ አይደለ፣ ምን ትደብቂያለሽ?" እያልኩ ከስንቷ ጋር ተጣልቻለሁ።

ዮዲትን ያገኘኋትም እንዲሁ በጭቅጭቅ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቃል አይወጣትም። እናቷ ታደለች የምትኖረው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ገደል አጠገብ ባለ መንደር ነበር። ብዙ ከለመንኳት በኋላ ልጇን ከጓዳ አወጣችልኝ፤ እኛም ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያው ጓሮዋ መሰብሰብ ጀመርን። ሴቶቹ እንሰት ይፍቃሉ፣ ልጆቹ አጠገባቸው ይውላሉ። ዮዲት የምትረጋጋው በዚህ ብቻ ነው። የቀርከሃው መፋቂያ እንሰቱ ላይ ሲወርድ ሿ፣ ሿ ይላል፤ እሷ ጉልበቷን አቅፋ ያንን ስትሰማ ትውላለች። ጩኸት ከሰማች ግን አለቀ፤ ጆሮዋን ይዛ እግሯ ወደመራት ትሮጣለች።

አንድ የክረምት ቅዳሜ፣ ሴቶቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ፣ ጎረቤት ቤት ቆርቆሮ መምታት ተጀመረ። መዶሻው እንዳረፈ ዮዲት ብድግ አለች። ቀሚሷን ለመያዝ እጄን ስዘረጋ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ አመለጠችኝ።

ታደለች ጮኸች። ጩኸቷን የሰሙት አቶ ዳና፣ የመንደሩ ሽማግሌ፣ ጥሩምባቸውን ነፉ። በዚያ አገር ጥሩምባ ከተነፋ ሥራ የለም፤ ወንዱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ እየጮኸ ይወጣል። ሰምቶ ዝም ያለ በሰው መከራ እንደተደሰተ ነው የሚቆጠረው። ቆርቆሮ የሚመቱት እንኳ ከጣሪያ ወርደው ወጡ። ወዲያው ኮረብታው በሙሉ "ዮዲት! ዮዲት!" ሆነ።

መጀመሪያ ያየኋት እኔ ነኝ። ከጓሮው እንሰት ዝቅ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ቁጥቋጦ ሥር ተጣብቃለች። ከታች የሞላ ወንዝ ደፍርሶ ይወርዳል። አንድ ሰው ስሟን በጠራ ቁጥር ወደ ኋላ ትንፏቀቃለች፤ ከኋላዋ ያለው መሬት ደግሞ ዝናብ የበላው ነው። ብሮጥባት ትወድቃለች፣ ብጠራት ትወድቃለች። ቦታውን ለወንዶቹ ባሳያቸው ተንጋግተው ይመጡባታል።

ወደ አቶ ዳና ሮጬ ጩኸቱን እንዲያስቆሙልኝ ለመንኳቸው።

"ሰው ጠፍቶ ዝም? ምን ነካሽ ልጄ?" አሉኝ። "የጠላት ልጅ ነው እንዴ የምንፈልገው?"

"አባቴ፣ ጩኸቱ እኮ ነው የሚያባርራት" አልኳቸው።

ጥሩምባውን መልሰው አነሱ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ለእሳቸው ዝም ማለት ልጅቷን መካድ ነው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ጥሩምባውን ነጥቄ ብሰብረው ደስ ባለኝ።

ያኔ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ። ሴት እንሰት በምትፍቅበት ቦታ ወንድ አይደርስም። ቀሚሷን ሰብስባ፣ አንድ እግሯን አንስታ እንሰቱን በተረከዟ ይዛ ነው የምትሠራው፤ ቆሞ የሚያያት ወንድ ነውረኛ ነው። ልመናዬ ያልመለሳቸውን ይህ ይመልሳቸዋል።

ወደ ጓሮው ተመልሼ፣ "ታደለች፣ ተቀመጪና ፋቂ" አልኳት።

"ልጄ እየሞተችብኝ እንሰት ልፋቅ?"

"ለእሷ ነው የምትፍቂው። ሁላችሁም ተቀመጡ።"

ትኩር ብላ አየችኝና ገባት። እንባዋ እየወረደ ቀሚሷን ሰበሰበች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ቁልቁል ይመጡ የነበሩት ወንዶች ሴቶቹን ሲያዩ ክው ብለው ቆሙ። አቶ ዳና ጥሩምባውን ከአፋቸው አወረዱ፤ ፊታቸውን አዙረው፣ ሌሎቹንም በክንዳቸው እየገፉ ከአጥሩ ማዶ ወጡ። ጩኸቱ እየከሰመ ሄዶ ጠፋ። ዝናብ ማካፋት ጀመረ።

ሿ፣ ሿ። ሴቶቹ ቀና እንዳይሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ እኔ ግን ዮዲትን በእንሰቱ ቅጠል መሃል አሻግሬ አያታለሁ። አንዴ ወደ እኛ ትዞራለች፣ አንዴ ወደ ገደሉ። ድንገት አፈሩ ተናደና ተንሸራተተች፤ ቁጥቋጦው ላይ ተንጠለጠለች። ታደለች አላየችም። እጄን ነክሼ ዝም አልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ በኋላ ልጆች ወልጄ ታመውብኝም እንኳ እንደዚያ አልፈራሁም።

ከዚያ በጉልበቷ እየዳኸች ወጣች። ጭቃ በጭቃ ሆና በእንሰቱ መሃል አልፋ መጣችና እናቷ አጠገብ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈች። ታደለች አልነካቻትም፤ መፋቂያዋንም አላቆመችም።

ወደ አጥሩ ሄድኩ። ወንዶቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ዝናብ ላይ ቆመዋል። አቶ ዳና ሳይዞሩ፣ በሹክሹክታ፣ "አለች?" አሉኝ።

"አለች፣ አባቴ" አልኩና እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፣ የዮዲትም ጸጉር ሸብቷል። እስካሁን አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም፤ እኔም ቅር ብሎኝ አያውቅም። ልጠይቃት ስሄድ ከደጅ ሆኜ አልጣራም፤ ጓሮ ገብቼ መፋቂያ አነሳለሁ። ትንሽ ቆይታ ትመጣለች። አጠገቤ እስክትቀመጥ ድረስ ግን፣ ዛሬም፣ ትንፋሼን እይዛለሁ።