ጊልበርት ባሕር አልሄድም ያለበት ዓመት

ኢዳሊና ሲማስ አረንጓዴውን ደብተር የምታወጣው በዓመት አንዴ፣ በየካቲት የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው። ደብተሩ ከጊልበርት ጋር በተጋቡበት ዓመት የተገዛ ነው፤ ጀርባው ሁለት ጊዜ በፕላስተር ተጠግኗል። በቀኙ ገጽ ወደ ባሕሩ የሚያዘው ዕቃ ይዘረዘራል። በግራው ገጽ ደግሞ ከጉዞ መልስ «የተረሳ» ተብሎ ይጻፋል። የግራውን ገጽ ብቻ ያነበበ ሰው የሲማሶችን ቤተሰብ ጠባይ ባጭሩ ይረዳዋል። የመጀመሪያው ዓመት፦ ጃኬት። ሦስተኛው ዓመት፦ ጃኬትና ክብሪት። ልጃቸው ዴኒስ የተወለደች ዓመት፦ ጃኬት፣ የሕፃኗ ጡጦ። ከዚያ በኋላ ኢዳሊና መጻፉ ሰልችቷት «እንደ አምናው» እያለች ታልፋለች።

ነገሩ መርሳት ሳይሆን አለማመን ነው። ሲማሶች የሚኖሩት በካሊፎርኒያ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ በነሐሴ የመኪና በር እጀታ እጅ የሚያቃጥልበት፣ ላሞች ሣሩን ትተው ጥላ የሚሻሙበት፣ ዶሮ አፏን ከፍታ የምትውልበት አገር። በዚያ ሙቀት መካከል ቆሞ ሻንጣ የሚያዘጋጅ ሰው፣ አራት ሰዓት ነድቶ ተራራውን ሲሻገር ጉም ውስጥ ገብቶ ጥርሱ እንደሚንገጫገጭ ልቡ አይቀበለውም። ያውቀዋል፤ እጁ ግን ጃኬት ለማንሳት እሺ አይለውም። ስለዚህ እንደደረሱ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደ ባሕሩ ሳይሆን ጎጆ ወደሚከራዩበት የባሕር ዳር ፓርክ ሱቅ ነው። ጊልበርት ዓሣ ነባሪ የተሳለበት ሹራብ አሥራ አንድ አለው። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት በነበሩት ዓመታት የአልጋ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ነበር ባሕር ዳር የሚንጎራደደው።

ጊልበርት ባሕሩን ይወዳል ለማለት ግን ይከብዳል። ዕድሜውን ሙሉ ላም ሲያልብ የኖረ ሰው ነው፤ ንጋት ላይ አንዴ፣ ከሰዓት በኋላ አንዴ፣ ገናም ቢሆን ፋሲካም ቢሆን። በዓመት ሦስት ቀን ላሞቹን ለቅጥር አላቢ አደራ ሰጥቶ ይመጣና፣ ሦስቱንም ቀን አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ወደ ፓርኩ ስልክ ይገሰግሳል። «አርባ አንድ ቁጥር በላች? የኋላ ግራ ጡቷን አየኸው?» እያለ ሲጮህ ባሕሩ ራሱ አይሰማም። በሦስተኛው ቀን ገና ቁርስ ሳይነሳ መኪናውን አስነስቶ ጥሩምባ ይነፋል። ኢዳሊና በየዓመቱ «አንድ ቀን እንጨምር» እያለች ብትጨቀጭቀውም፣ በሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር ውስጥ ባሕሩ በአራተኛው ቀን ጠዋት ምን እንደሚመስል አይታ አታውቅም።

ባለፈው መስከረም ግን የጊልበርት ጉልበት እምቢ አለና ላሞቹ ተሸጡ። የገዛቸው ጎረቤታቸው ቨርነን ቶስቴ ነው፤ አጥሩን አሻግሮ ነዳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጊልበርት መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጦ የሰው ላም ሲጠብቅ ይውላል። ጊዜ በሞላለት በመጀመሪያው ዓመት፣ ባሕር አልሄድም አለ።

«ከምን ላርፍ?» አላት ነገሩን ባነሳችበት ቁጥር። «ዕረፍት ለሠራ ሰው ነው። እናንተ ሂዱ፤ እኔ ቤት እጠብቃለሁ።»

«ቤቱን ማን ይወስደዋል ጊልበርት?»

«ሰው አይታመንም።»

ኢዳሊና ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከአንገት በላይ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ የነዳች ሴት ናት፤ ሰው ሳይሟላ በር ዘግታ አታውቅም። ደግሞ አባቷም እንዲሁ ነበር የጀመረው፤ ከብቶቹን ሸጦ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ከወንበሩም ሳይነሳ፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላው ሞተ። ይህን ለጊልበርት ነግራው አታውቅም። ለማንም አልተናገረችውም።

የዚያ ዓመት የየካቲት የመጀመሪያው ቀን ቅዳሜ ዋለ። የፓርኩ ስልክ ልክ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይከፈታል፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የነሐሴ ጎጆዎች ሁሉ ያልቃሉ። ስለዚህ ዴኒስና ባሏ ኩርቲስ ሁለት ልጆቻቸውን ከኩርቲስ እናት ዘንድ ጥለው በጠዋት ከች ብለዋል። ዴኒስ ግድግዳው ላይ ካለው ስልክ ሥር በርጩማ ስባ ቁጥሩን ትደውላለች፣ መስመሩ ይያዛል፣ ትዘጋለች፣ እንደገና ትደውላለች። ኢዳሊና ደብተሩን ገልጣ ከኩርቲስ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ጊልበርት ከወንበሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል።

«ቋሊማ» አለች ኢዳሊና እየጻፈች። «ቦሎቄ። ፋኖስ። ጃኬት።»

«ጃኬት!» አለች ዴኒስ ስልኩን እንደያዘች። «ደግሞ በትልቁ ጻፊው እማዬ። አምና ልጆቹ የመኪና ምንጣፍ ለብሰው ነው የተነሡት ፎቶውን።»

«እሳቱን ዘንድሮ ለእኔ ተዉልኝ» አለ ኩርቲስ። ኩርቲስ የከተማ ልጅ ነው፤ ምንጣፍ ሻጭ ነው፤ ልቡ ንጹሕ ነው። «ሱቅ ውስጥ የተዘጋጀ ማገዶ አለ፤ ወረቀቱን ለኩሶ መተው ነው። ለክፉም ለደጉም አንድ ጠርሙስ ማቀጣጠያ ጋዝ እጨምራለሁ።»

ከመስኮቱ በኩል ሳል ተሰማ።

የበሽታ ሳል አልነበረም። ኢዳሊና ያንን ሳል ታውቀዋለች፤ የእንስሳት ሐኪሙ የማይረባ ነገር ሲናገር ጊልበርት የሚስለው ሳል ነው። ከመስከረም ወዲህ ሰምታው አታውቅም። እርሳሷን ምላሷ ላይ አርሳ ጮክ ብላ ጻፈች።

«እሳት፦ ኩርቲስ። ማገዶ፦ ከሱቅ። ጋዝ፦ አንድ ጠርሙስ።»

«ሁለት ቢሆን አይሻልም?» አለ ኩርቲስ።

«ሁለት ጠርሙስ።»

ወንበሩ ሲጢጥ አለ። «በጋዝ የታጠነ ቋሊማ ልታበላቸው ነው?» አለ ጊልበርት፣ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያዞር።

«አንተን ምን አገባህ?» አለችው ኢዳሊና። «አንተ ቤት ጠባቂ ነህ።»

«እኔማ ምን አገባኝ! ጉም የጠጣ እንጨት በወረቀት እንደማይነድ ለዚህ ልጅ የሚነግረው ሰው ጠፋ ብዬ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ ይንገሩኝ አባባ» አለ ኩርቲስ ከልቡ።

«የሚያዘው የአልሞንድ እንጨት ነው። ጎተራው ጀርባ ሁለት ዓመት የደረቀ ተከምሯል። ጭራሮው በጆንያ፣ ጆንያው በላስቲክ። እሳቱ ደግሞ ከላይ ነው የሚለኮሰው፤ ከታች መሬቱ እርጥብ ነው።»

«ከላይ?» አለ ኩርቲስ ተገርሞ።

«ጭራሮ በጋዝ፣ ከላይ» ብላ ኢዳሊና ጻፈች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ።

«ኧረ በጋዝ አላልኩም! ሊና፣ ምን ሆነሻል? ላስቲክ ነው ያልኩሽ። ወዲህ በይው ደብተሩን!»

ጊልበርት ተነሣ። ጉልበቱ ቀጭ አለ፣ ሰደበው፣ እያነከሰ መጣና ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ እርሳሱን ከእጇ ወሰደ። ጋዙን ሰረዘ። «ሁለት ጠርሙስ ይላሉ ደግሞ» እያለ አጉረመረመ። ዴኒስ የእናቷን ዓይን ፈለገች፤ ኢዳሊና ግን ወደ ማንም አላየችም።

«ገባ! ገብቷል!» ብላ ጮኸች ዴኒስ በዚህ መካከል፣ ስልኩንም ለእናቷ ወረወረችላት።

ከወዲያ ያለችው ልጅ ጎበዝ ናት፤ ስም ጠየቀች፣ ቀን ጠየቀች። ከዚያም፣ «ስንት ሰው ናችሁ? ትልቁን ጎጆ የምንሰጠው ስድስት ሆኖ ለመጣ ነው» አለች።

ኢዳሊና የስልኩን አፍ በመዳፏ ከደነች። ትሄዳለህ ወይ ብላ ብትጠይቀው ወደ ወንበሩ እንደሚመለስ ታውቃለች። እንደ እሱ ያለ ሰው ተጠይቆ እሺ አይልም። ልጅቷ «ሃሎ? ስንት ናችሁ?» ትላለች። ኢዳሊና ባሏን ተመለከተች።

ጊልበርት ቀና አላለም። ጣቱ ዝርዝሩ ላይ እየወረደ አንድ ቃል ላይ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጃኬት ነው አባዬ» አለች ዴኒስ።

«በነሐሴ?» አለና ሰረዘው።

ዴኒስ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ግን በዓይኗ ገሠጸቻትና መዳፏን ከስልኩ ላይ አነሣች።

«ስድስት ነን» አለች።

በነሐሴ ስድስቱም በእጅጌ አጭር ሸሚዝ ጉሙ ውስጥ ወረዱ፤ ስድስቱም እየተንቀጠቀጡ ሱቁን ወረሩ። ጊልበርት አሥራ ሁለተኛውን ዓሣ ነባሪ ለበሰ። እሳቱን ግን ከላይ ለኩሶ እንደ ችቦ አነደደው፤ ኩርቲስም አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ ጭራሮ ሲያቀብል ዋለ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲል ጊልበርት እንደ ልማዱ ብድግ ብሎ ወደ ስልኩ ሄደ። ኢዳሊና ከጎጆው ደጃፍ ሆና ሰማችው።

«ቨርነን! አርባ አንድ ቁጥር በላች?... የማን ናት አልኩህ እንዴ? ያንተ መሆኗንማ አውቃለሁ! በላች ወይ ነው ያልኩህ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢዳሊና ሻንጣዋን ዘግታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥሩምባውን ጠበቀች። ጥሩምባ የለም። ወጥታ ብታይ ጊልበርት ደጃፉ ላይ የተረፈውን ማገዶ ይደረድራል።

«የፓርኩን ጠባቂ ጠይቄው ነበር» አለ፣ ፊቱን ወደ እንጨቱ አዙሮ። «ጎጆው እስከ ነገ ባዶ ነው። ይህን ሁሉ እንጨት ይዘን ልንመለስ ነው?»

«ንጹሕ ካልሲ የለህም።»

«ሱቁ ካልሲ ይሸጣል።»

በማግሥቱ ኢዳሊና ከሁሉም ቀድማ ተነሥታ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርባ፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ትንሽ ቆይቶ ጊልበርትም እያነከሰ ወጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ጉሙ እንደ ግድግዳ ቆሟል። ባሕሩ ይሰማል እንጂ አይታይም፤ ከደረጃው በታች ያለችው የራሳቸው መኪና እንኳ አትታይም።

«ሠላሳ ስምንት ዓመት የጨቀጨቅሽኝ ይህን ለማየት ነው?» አላት።

«ይህን ለማየት ነው» አለችና ጠጋ አለችው።