ወረታን ጃኬት ለማልበስ

ወረታ ላይ ጃኬት መንደፍ ራሱን የቻለ ድፍረት ነው። ክረምቱ ጭቃ፣ በጋው አቧራ ነው፤ ሁለቱም ጃኬት አይጠይቁም። የሚለብሰው ነፋስ ደረቱን የሚመታው የባጃጅ ሾፌር ብቻ ነው፤ እሱም ያለችውን አንዲት ጃኬት ተበጣጥሳ እስክታልቅ አይቀይራትም። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ የውጭ አገር ዲዛይነሮች «የወቅቱ ስብስብ» እያሉ አዳዲስ ልብስ ሲያወጡ በስልኬ አይቼ፣ የእኔም ድርጅት የመስከረም ስብስብ ያስፈልጋታል ብዬ ወሰንሁ። ድርጅት ያልኋት በደብረ ታቦር መገንጠያ አጠገብ የተከራየኋት አንዲት ክፍል ናት። ሁለት የስፌት መኪና አላት፤ በአንዱ እኔ፣ በሌላው ጓደኛዬ እንሰፋለን።

ለሰው የነገርሁት ምክንያት ገበያ ነበር። እውነተኛው ምክንያት እናቴ ናት። አባቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ሙት ዓመቱን በሐምሌ፣ እንግዳው በጭቃ እየተንሸራተተ መጥቶ፣ አውጥተንለታል። እናቴ ግን ከሉን አላወለቀችም። ዘመድ ለመናት፣ የነፍስ አባቷ መከሯት። «እሽ አባቴ» ትልና በማግስቱ ያንኑ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ሩዟን ልታርም ትወርዳለች። እኔ ያወለቅሁት በአርባ ቀኑ፣ ተዝካሩ በወጣ ሳምንት ነው። «ጠንካራ ልጅ ናት፣ ቻለችው» ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር። የቻለ ሰው ያልቻለውን ማገዝ አለበት ብዬ፣ ለእንቁጣጣሽ በገዛ እጄ የሰፋሁትን ነጭ ጃኬት አልብሼ እናቴን ከሐዘን ላወጣት ቆረጥሁ። ከስብስቡ መጀመሪያ የተሰፋው የእሷ ልክ ነው።

ጨርቁን አንበሳሜ ካለ ሸማኔ አዘዝሁ፤ ወፍራም ነጭ ሸማ፣ ቢጫና አረንጓዴ ጥለት ያለው። ከዚያ በኋላ የደሰኮርሁትን ሳስበው አሁንም ፊቴ ይግላል። «ጃኬቱ መናገር አለበት» እላታለሁ ጓደኛዬን፣ ከስልክ በቃረምሁት ዕውቀት። «ምን እንዲል ነው?» ትለኛለች። የተጨቃጨቅነው በጥለቱ ነው። እሷ እንደ ወጉ ታችኛው ጠርዝ ላይ ይሁን አለች። እኔ «ታችማ ማንም ያደርገዋል» ብዬ ኮሌታውንና ትከሻውን ዙሪያውን ጥለት አደረግሁበት። ፊትን ያበራል አልሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጓደኛዬም ደክሟት ተወችኝ። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሲታይ ደግሞ በእውነት ያምር ነበር።

ጳጉሜ ላይ ጃኬቶቹን በራችን ላይ ደርድሬ ሰቀልሁ። መንገደኛው ቆም ይላል፣ ያያል፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያልፋል። ልቤ አበጠ። ሰው ጥሩ ሥራ ሲያይ እንዲህ ጸጥ ይላል ብዬ ለጓደኛዬ አስረዳኋት። ኋላ አንዲት ደንበኛችን ከይፋግ ገበያ ስትመለስ ገባች፤ ነጠላዋን አስተካክላ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ማን ሙቶባችሁ ነው ልጀ? ሳልሰማ ቀርቸ ነው እንጅ እስካሁን መቸ እቀር ነበር» አለችኝ።

«ኧረ ማንም አልሞተም፤ የበዓል ጃኬት ነው።»

ጃኬቶቹን አየች፣ እኔንም አየች። «ታዲያ ጥለቱ ምነው አንገት ላይ ወጣ?»

በደህና ቀን ጥለት ከታች ይውላል፤ ለቅሶ ሲሆን ነጠላው ይገለበጥና ጥለቱ ወደ አንገት ይወጣል። ይህን ለማወቅ የስፌት ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም፤ እዚህ ፎገራ ላይ ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ራሴ አባቴን የቀበርን ዕለት እንደዚያው ለብሻለሁ። አሁን ደግሞ ለእንቁጣጣሽ ብዬ ደጄን ሙሉ የለቅሶ ልብስ ሰቅያለሁ። ጓደኛዬ አፏን ያዘች፤ አልሆነላትም፣ ሳቋ አመለጣት። ሴትዮዋም ሳቀች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እያልሁ እኔም እየሳቅሁ ጃኬቶቹን ማውረድ ጀመርሁ።

ሳቄን ያቆመው የእናቴ ጃኬት ነው። ጠዋት ስወጣ አልጋዋ ላይ አስቀምጬላት ነበር።

ባጃጅ ያዝሁ። ከሐዘን ላወጣት ብዬ ሌላ ሐዘን ሰፍቼ ሰጠኋት፤ ከእንግዲህማ ከሉን መቼም አታወልቅም እያልሁ፣ መንገዱን የዘጉትን ከብቶች ስረግም ደረስሁ። እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣለች፣ ጃኬቱ ጭኗ ላይ ነው።

«እማዬ፣ ተሳስቸ ነው። ለደስታ ብየ ነው የሠራሁት፣ ጥለቱን ልብ አላልሁትም።»

ኮሌታውን በጣቷ ዳሰሰችው። «አልተቆጣሁም» አለች። «ጧት ሳየው ግን ለካ ሐዘኑ አንችም ላይ አለ አልሁ። እኔኮ ይችን ልጅ ቻለችው ብየ ነበር።»

ስለ ንድፍ ላስረዳት አፌን ከፈትሁ፤ የወጣው ግን ለቅሶ ነው። ጎረቤት እያየኝ፣ በተዝካሩ ቀን ወጥ እያስወጣሁ፣ እንግዳ እያስተናገድሁ ያላለቀስሁትን ሁሉ አለቀስሁ። አባቴ ናፍቆኝ ነበር፤ በጣም ናፍቆኝ ነበር። እናቴ ዝም በይ አላለችኝም። አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ሁላችሁም ቶሎ አወለቃችሁ» አለች። «ስሙን የሚያነሳው እንኳ ጠፋ። አንድ ሰው እንኳ ይልበስለት ብየ ነው አንች።»

ቆይታ ዓይኗን በጥቁሩ ነጠላዋ ጠረገችና «በይ ምላጭ አምጭ» አለችኝ። «ለእንቁጣጣሽ አብረን እናወልቃለን።»

እሷ በአንዱ ጫፍ፣ እኔ በሌላው ሆነን ጥለቱን ከኮሌታው ተረተርን፤ እየተረተርንም ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቴ አወራን።