የቡና ፍሬ ዓይን

ባለቤቴ ቤት መለቅለቅ የሚወድ ወንድ ነበር። በዚያን ጊዜ ዲላ ውስጥ ከእሱ ሌላ ይህን የሚወድ ወንድ አላውቅም። ግድግዳ መለቅለቅ የሴት ሥራ ነው ስለሚባል መንገደኛው ቆሞ ይስቅበታል። እሱ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ እጁን እስከ ክርኑ ጭቃ ውስጥ ነክሮ፣ ለሚስቁበት ሁሉ ሰላምታ እየሰጠ ሥራውን ይቀጥላል።

ካረፈ ወዲህ ሊያጽናኑኝ የሚመጡ ሰዎች ስለ ደግነቱ ያወሩልኛል። ደግ ነበር፣ እውነት ነው። ብቻዬን ስሆን ግን የሚመጣብኝ እጁ ነው፤ ታጥቦ ታጥቦ ከጥፍሮቹ ሥር የማይለቀው ቀይ አፈር። ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ሳይደክም ጥቂት ጥቂት እጽፋለሁ። መጀመሪያ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ሞቱ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለ ግድግዳው ልጻፍ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቤታችን ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበረች፤ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ ግድግዳዋ ጭቃ። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ሳህኖቹ ይንጫጫሉ፣ ከግድግዳውም ትንሽ ትንሽ ይረግፋል። በክረምት ጎማው የሚረጨው ጭቃ እስከ መስኮታችን ይደርሳል። ስለዚህ ግድግዳው በየጊዜው መለቅለቅ ነበረበት፤ ባለቤቴም ይህን እንደ መከራ ሳይሆን እንደ በዓል ነበር የሚያየው።

ሥራው ቡና መጋዘን ነበር። ጆንያዎቹ ከመጫናቸው በፊት በየነጋዴው ምልክት ይቀባቸዋል፤ ለአንዱ ዶሮ፣ ለአንዱ ኮከብ፣ ለሌላው ግማሽ ጨረቃ። ማንበብ የማይችል ተሸካሚም ዶሮን ከኮከብ ይለያልና። ቤት ሲመጣ ደግሞ እጁ አያርፍም። ግድግዳው ገና እርጥብ ሳለ ወፍ ይሠራበታል፣ በሬ ይሠራበታል፣ ገበያ የምትሄድ ሴት ይሠራበታል። ጥቁሩን ከድስት ጥላሸት ያገኛል፤ ቀዩን ከጓሯችን፤ ነጩን እናቱ ከመንደሯ ከጪጩ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ከምትልክለት አፈር። ብሩሹ የእንሰት ቃጫ ነው፤ ጫፉን በጥርሱ እያኘከ ያለሰልሰዋል። አረንጓዴ ብቻ አልሆነለትም። ቅጠል አሽቶ ይቀባል፤ ዛሬ አረንጓዴ የነበረው ነገ ቡናማ ይሆናል። የእኛ ግድግዳ እንሰቶች ዓመቱን በሙሉ ድርቅ የመታቸው ይመስሉ ነበር።

ዓይን ላይ ሲደርስ ቀለሙን ያስቀምጣል። ጭቃው ሳይደርቅ የቡና ፍሬ በአውራ ጣቱ ይተክልበታል። መሐሏ ላይ ያለችው ስንጥቅ ግማሹን የተገለጠ ዓይን ትመስላለች። ስለዚህ የቤታችን ወፎችና በሬዎች ሁሉ እንቅልፍ ያልጠገቡ ነበሩ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ከሰሜን አገር መጥተው በከተማችን ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም፣ ዳዊት ያስደገሙኝም እሳቸው። ለእህል የሚሆን ሳይኖር ለመጽሐፍ የሚሆን አያጡም ነበር። የጌዴኦ ልጅ፣ ያውም የሚሲዮን ሰው ላገባ ነው ስላቸው ግን የተላኩትን ሽማግሌዎች ከደጅ መለሱ። እኔም ሳልመረቅ ሄድኩ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስዳቸው መንገድ በእኛ ደጅ ነው። በበቅሏቸው ተቀምጠው፣ ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ፊታቸውን ወደ ፊት ቀጥ አድርገው ያልፋሉ። በር ላይ ብቆምም ባልቆምም ለእሳቸው ያው ነበር። ልጃችን ከተወለደች በኋላ ሕፃኗን ታቅፌ ቆሜ አውቃለሁ። በቅሎዋ አንገቷን አዙራ አየችን፤ እሳቸው አላዩንም።

አንድ ዓርብ ጎረቤታችን መጣች። ጠጅ ቤት የነበራት፣ እንደ አባቴ ከሰሜን የመጣች፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደህና የሆነ ሴት ናት። የአባቴ የንስሐ ልጅ ስለነበረች ስትለምናቸው ከርማ ኖሯል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕፃኗን ሊያዩ እንደሚመጡ ነገረችን። ቤት ግን አይገቡም፤ ከደጅ አይተው ይመለሳሉ። ባለቤቴ የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነበር።

«ከደጅ ነው ያሉት?» አላት።

«ከደጅ።»

«እንግዲያስ ደጁ ይመር» አለና ጭቃ ሊያቦካ ወጣ።

ቅዳሜ እኔ ገበያ ዋልኩ። አባቴ ከቤታችን ይቀምሱ እንደሆነ አላውቅም፤ ቢሆንም ባዶ እጄን መጠበቅ አልቻልኩም። ስመለስ የመንገዱ ሰው ደጃችን ላይ ቆሟል። በመንገዱ በኩል ያለው ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር ተለቅልቋል፤ መሐሉ ላይ ግራጫ በቅሎ፣ በቅሎዋ ላይ ነጭ ጥምጣም የጠመጠሙ ሰው፣ ከላያቸው ጥቁር ጃንጥላ፤ በግራና በቀኝ እንሰትና ቡና። የአቀማመጣቸው ቀጥ ማለት፣ የጃንጥላው ዘንበል ማለት፣ በቀኝ እጃቸው መቁጠሪያቸውን የያዙበት ሁኔታ፣ ሁሉም አባቴ ነበሩ። ዓይኔ እንባ ሊሞላ ሲል ፊታቸው ላይ ደረስኩና ቀዘቀዝኩ። ፊታቸው የተሠራው በጎን ነው። አንድ አፍንጫ፣ አንድ ጆሮ፣ አንድ የቡና ፍሬ።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ሰው ይህ አይነገረውም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቃን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላሉ። በጎን፣ ባንድ ዓይን የሚሳሉት ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ናቸው። ባለቤቴ ያደገበት የሚሲዮን ጸሎት ቤት ግድግዳ ግን ነጭ ኖራ ብቻ ነው። ከየት ይወቀው?

ጎረቤታችን ማድጋዋን ይዛ ከአጥሩ ማዶ ቆማ ታይ ነበር። «አንተ ሰውዬ» አለችው፣ «አማትህን ይሁዳ አደረግካቸው። ሠላሳው ብር የታል?»

እሱ ሥዕሉን ያደነቀችለት መስሎት ሳቀ። ነገሩን እኔ ነኝ ያስረዳሁት። ሲሰማ ሳቁ ቀስ እያለ ከፊቱ ወረደ። ከዚያ እንደ መከራከር አለና፣ «ባንድ ዓይን ማየት ጥሩ ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አለኝ።

ብዬዋለሁ። ጥሩ አማርኛ መናገር ይወድ ስለነበር በተጋባን ሰሞን አነጋገር አስተምሪኝ ይለኝ ነበር። ልጆቹን ሳያበላልጥ የሚወድ አባት ልጆቹን ባንድ ዓይን ያያል ይባላል ብዬዋለሁ። እሱ ደግሞ የወደደውን አነጋገር አይረሳም። ያ ንግግር ነው፣ ይሄ ሥዕል ነው አልኩት። ጎረቤታችን ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። አባቴ ያን ፊት ካዩ ደጃችንን ዳግመኛ እንደማይረግጡ አውቃለሁ። እሳቸው ባያዩ እንኳ ከንጋት ጀምሮ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ሕዝብ አይቶ ይነግራቸዋል።

እንዳንደመስሰው ጭቃው አልቋል። ፊቱን ብቻ ፍቀን ብንተወው ደግሞ በቅሎ ላይ የተቀመጠ ጭንቅላት የሌለው ቄስ ይሆናል። ሁለተኛ ዓይን ይጨመር አልኩ።

«ከጎን የታየ ሰው ሁለተኛውን ከየት ያመጣል?» አለ ባለቤቴ።

«ከጆንያህ ነዋ» አለችው ጎረቤታችን።

እሱ እጁን አጣጥፎ ቆመ። እኔ ጣቴን ውሃ ውስጥ እየነከርኩ ከአፍንጫው አጠገብ ያለውን ቦታ አርጥቤ አንድ ፍሬ ተጫንኩበት። ግድግዳው ግማሽ ደርቆ ነበርና በደንብ አልያዘም፤ ቢሆንም ቆመ። ባለቤቴ ራቅ ብሎ አየውና፣ «አሁን እንቁራሪት ሆኑ» አለ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

እሑድ የቤተ ክርስቲያኑ ሰው አለፈ። አንዳንዱ ፈገግ አለ፣ አንዳንዱ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ለማየት ሞከረ፤ የተቆጣ ግን አልነበረም። ፀሐይ ከረር ስትል አባቴ መጡ። ከበቅሏቸው ወርደው መሬት መሬት እያዩ ወደ ደጃችን መጡ፤ ከመሬት ቀና ሳይሉም ግድግዳው ሥር ባስቀመጥነው አግዳሚ ላይ ጀርባቸውን ለሥዕሉ ሰጥተው ተቀመጡ። የተሳለው ፊታቸው ልክ ከጥምጣማቸው በላይ ሆነ። እኔ መስቀላቸውን ተሳልሜ ሕፃኗን ሰጠኋቸው። ባለቤቴ እጁን ወደ ኋላው አድርጎ ቆሟል። ጎረቤታችን በራፏ ላይ ቆማ የደረቀ ማድጋ ታጥባለች።

አባቴ ሕፃኗን አዩ። ጣታቸውን ያዘቻቸው። እንዲህ ሳይዞሩ ቢሄዱ ምናለ እያልኩ እጸልያለሁ። ከላይ የጭነት መኪና ድምፅ መጣ፤ አለፈም። ግድግዳው ነዘረ፤ የተከልኩት ዓይን ጠብ ብሎ ከሕፃኗ ፎጣ ላይ ወደቀ።

አባቴ ፍሬዋን አንስተው አገላብጠው አዩ። ከዚያ ዞሩ። በቅሎዋን አዩ፣ ጃንጥላውን አዩ፣ ፊቱን አዩ። አሁን ፊቱ ባንድ ዓይን ነው፤ አጠገቡ ደግሞ ባዶ ጉድጓድ አለ።

«ይህ እኔ ነኝ?»

እኔ ነገሩን ላለሳልስ አፌን ስከፍት ባለቤቴ ቀደመኝ። «እርስዎ ነዎት፣ አባባ። የወደቀችው የእሷ ናት። እኔ የሠራሁት አንዱን ነው።»

«ባንድ ዓይን የሚሳለው ማን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ትናንት ነገሩኝ። አላወቅሁም ነበር።»

«ታዲያ ሳታውቅ ለምን በጎን ሠራኸኝ?»

«ከጎን ብቻ ስለማውቅዎት ነው» አለ ባለቤቴ። «ሲያልፉ። ወደዚህ ዞረው አያውቁም።»

ሊወቅሳቸው ብሎ አይደለም። አንድ ጆንያ ላይ ለምን ዶሮ እንዳለ ለጠየቀው ሰው የሚመልስበት ድምፅ ነበር። እኔ ግን መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ከጎረቤታችን በኩል የማድጋው ድምፅ ቆመ።

አባቴ ፍሬዋን ጨበጡ። ከዚያ ሕፃኗን ለእኔ ሰጡኝና ተነሥተው ከባለቤቴ ፊት ቆሙ። «እንግዲያስ ይኸው ፊቴ» አሉት። «አይተህ ጥገብና ደግመህ ሥራኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ይደፋ ነበር። የእኔ ባል ግን እይ ሲባል የሚያይ ሰው ነው። ጠጋ ብሎ፣ ጭንቅላቱን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እያለ፣ እንደሚገዛ ሰው መረመራቸው። «ግንባርዎ ላይ ጠባሳ አለች» አለ፤ «አላየሁትም ነበር።»

«ከበቅሎ ወድቄ ነው» አሉ አባቴ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «እሱን ተወው፤ አትሥራው።»

ፍሬዋን መዳፉ ውስጥ አኖሩለት። ተመልሰው ተቀመጡና ወደ እኔ ዞሩ። «ውሃ ስጪኝ፣ ልጄ።»

ካገባሁ ጀምሮ ልጄ ብለውኝ አያውቁም፤ ከቤቴም የቀመሱት ነገር አልነበረም። ውሃ ልቀዳ ገባሁና ከእንስራው አጠገብ ቁጭ አልኩ። ጣሳውን ሁለት ጊዜ አለቅልቄ ሞላሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ትንፋሼን ይዤ እንደኖርኩ ያወቅሁት ያኔ ነው። ወጥቼ ስሰጣቸው ጣሳውን እስከ መጨረሻው ጠጡት፤ ልጅቷም ጥምጣማቸውን ለመያዝ ትንጠራራለች። ጎረቤታችን ከበራፏ ሆና፣ እንግዲህ ጠላ የሚባል ነገር እዚህ ቤት የለም ወይ አለች።

እንደዚያ ቀን የቀለለኝ ቀን የለም። ባለቤቴ ካረፈ በኋላ ብዙ ነገር ከብዶኛል፤ ያን ጣሳ ሳስብ ግን ዛሬም ትንፋሼ ይመለሳል።

ለመስቀል ግድግዳው እንደገና ተለቀለቀ። ባለቤቴ አባቴን ፊት ለፊት ሠራቸው፤ በሁለት የቡና ፍሬ፣ ተው የተባለውን ጠባሳም ጨምሮ። አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በቅሏቸውን አቁመው ጠባሳውን በጃንጥላቸው ጫፍ እያሳዩ ይቆጡታል፤ እሱም ከበር ሆኖ ይስቃል። በቅሎዋን ግን እንደ ድሮው በጎን ነው የሠራት። ሆኖም ባንድ ጉንጯ ላይ ሁለት ዓይን ተክሎላታል።

ጻድቅ አይደለችም፣ ለእሷ አንድ ይበቃት ነበር አልኩት። አማርኛ ሲናገር ወንዴና ሴቴ እየተምታታበት እስከ መጨረሻው ቀኑ በቅሎዋን «እሱ» ነበር የሚላት።

«እሱማ» አለኝ፣ «ከመጀመሪያውም ወደ እኛ ይዞር ነበር።»