ትልቁን ይዛ እንዳትወድቅ

የሰውየው ሚስት ሆስፒታሉ ክፍል ውስጥ ተኝታለች። እሱ በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ኮምፒዩተሩን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሹራቡ ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የአንድ እግሩ ጫማ ማሰሪያ ተፈቷል። እኔ ወንድሜን ላስታምም መጥቼ ፊት ለፊቱ ነኝ፤ ዓይኑ ሲያርፍብኝ አንገቴን እደፋለሁ። ስልኩን ጆሮው ላይ መያዝ ሳይሰለቸው አልቀረም፣ ድምፁን ከፍቶ አጠገቡ አስቀምጦታል።

«ጋሼ፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ወደቀብን!» አለች አንዲት የመሥሪያ ቤቱ ልጅ።

«እኔን ቀደመኝ በይኛ!»

ልጅቷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። በሲ የኮምፒዩተር ቋንቋ የተጻፈው ትልቁ ፕሮግራም በስክሪፕት የተጻፈችውን ትንሿን ክፍል ይጠራል፣ አይደል? እሷ ስትሳሳት እሱንም ይዛው ትወድቃለች። ስለዚህ ሲጠራት መከላከያ ይኑረው። ስህተቷን ትንገረው እንጂ አትግደለው።»

«እሺ ጋሼ። እትዬስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናት» ብሎ ዘጋው።

ሐኪሟ ከክፍሉ ወጣችና ጎንበስ ብላ፣ «ዕጢው ተመልሷል። እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይስ እኔ ልንገራቸው?» አለችው።

«እኔ እነግራታለሁ። ዛሬን ግን ተዪኝ።»

ኮምፒዩተሩን ከደነና ግድግዳውን ተደግፎ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ፊቱን በሁለት መዳፉ አሸት አሸት አደረገና ገባ።

«አንቺ ሰነፍ! በጠራራ ፀሐይ እንዲህ ይተኛል እንዴ?» ሲላት ሰማሁት።